ያጣጣልኩት አረንጓዴ ፒክአፕ

ሮተርዳም ካለን ሐበሾች መካከል መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ለሚስቱ፣ ቀጥሎ ለእኔ ይነግራል። ሚስቱ ገንዘቡን ታያለች፤ እኔ መኪናውን አያለሁ። ስሜ ሽባባው ነው፤ ዴንሃግና አምስተርዳም ድረስ ግን የምታወቀው «የመኪናው ሽባባው» ተብዬ ነው። ይህን ስም ሲያወጡልኝ አንድም ሰው ስለ መኪና ምን ታውቃለህ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እውነቱን እነግረው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

እውነቱ ይህ ነው። እንጀራዬ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ መግፋት ነው። በሽተኛውን ከክፍሉ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍሉ እወስዳለሁ። ሞተር የሌለው፣ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው ነገር በመንዳት የሚስተካከለኝ የለም። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ሶማሌ ተራ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ስፖኪዮ እሸጥ ነበር። ስፖኪዮ ብቻ። የሞተር ዕቃ የሚጠይቀኝን ደንበኛ በጣቴ ወደ ጎረቤት ሱቅ እሸኘው ነበር እንጂ፣ ኮፈን ከፍቶ ማየት ለእኔ የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደ መክፈት ነበር።

ሶማሌ ተራ ግን አንድ ትምህርት አስተምሮኛል፤ ማጣጣል። የፈለጉትን ዕቃ እንዳልፈለጉት ሆኖ መቅረብ። ፊት በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ፊት ይሆናል። ጎማው በጫማ ጫፍ መታ መታ ይደረጋል። ኮፈኑ ተከፍቶ በረጅሙ ይተነፈሳል፤ ምንም አይነካም፣ ይተነፈሳል ብቻ። ከዚያ የጉድለቱ መዓት ይዘረገፍና «ይቅርብን» ተብሎ ይኬዳል። የጥበቡ እምብርት ያለው እዚህ አካሄድ ላይ ነው። ከፈጠኑ ሻጩ አይደርስብዎትም፤ በጣም ከተጎተቱ ይነቃብዎታል። ወደ ኋላ መዞር ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። ጥቂት ሱቆች አልፌ «ና እስቲ፣ ና፣ ስንት አልክ?» ሳልባል የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እዚህ አገር ዝናዬ የወጣው ተካልኝ ለሚባል የዴንሃግ ወዳጄ መኪና ስናይ ነው። ሻጩ ቱርክ ነበር። አጣጣልኩበት፤ እሱም ልጆቹን ላስርብበት እንደመጣሁ አድርጎ አለቀሰብኝ፤ ተነሥቼ ሄድኩ፤ ጠራኝ። ዋጋውን ቀንሶ የክረምት ጎማ መረቀልን፤ ተቃቅፈን ተለያየን። ሰውየው እንደ እኔው ገበያ ያሳደገው ስለነበር ጨዋታውን ያውቀዋል። እኔ ግን ጥበቤ በሆላንድ ምድር ሁሉ እንደሚሠራ ቆጠርኩት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእኔ እንደተተረተ የገባኝ ባለፈው መጋቢት ነው።

ልጄ ሐምራዊት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃዷን በመጀመሪያው ፈተና አወጣች። እኔ በስንተኛው እንዳወጣሁ ቤታችን ውስጥ አይነሣም። እዚህ በአሥራ ሰባት ዓመት መንዳት ይፈቀዳል፤ ግን አሥራ ስምንት እስኪሞላ ድረስ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ስሙ የተመዘገበ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ቤገላይደር ይሉታል። የሐምራዊት ዋናው ቤገላይደር እኔ ነኝ። ሥራዬ ረጋ ብሎ መቀመጥ ሲሆን እኔ ግን የሌለ ፍሬን ስረግጥ የመኪናዬን ምንጣፍ በስቼዋለሁ። ስታቆም «ዘገየሽ»፣ ስትነሣ «ቸኮልሽ»፣ ዝም ብላ ስትነዳ ደግሞ «ምነው ዝም አልሽ» እላታለሁ። ደህና ነዳሽ ብያት አላውቅም። እናቴም እኔን አመስግናኝ አታውቅም፤ ልጅ ከተሞገሰ ዓይን ይገባበታል፣ ይህ በቤታችን እንደ ውኃና ጨው የሚታወቅ ነገር ነው።

ሐምራዊት የምትማረው የአትክልት ሙያ ነው። እኔ ለሰው ሳወራ «የግብርና ባለሙያ ልትሆን ነው» እላለሁ፤ እሷ ከጎኔ ሆና «አይ፣ የሰው ጓሮ ነው የማጭደው» ትልና ታዋርደኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ካፔለ አን ደን አይሰል ወደሚባል ከተማ ሄዳ የደንበኞቿን ጓሮ ትሠራለች። ማጨጃዋን፣ መቀሷንና መሰላሏን ባክፊትስ በሚሉት፣ ፊቱ ላይ ሣጥን ባለው ብስክሌት ጭና ከምንኖርበት ከሮተርዳም ዙይድ ወንዙን ትሻገራለች። መሣሪያው እንደምንም ይጫናል፤ የቆረጠችውን ቅርንጫፍ ግን ብስክሌት አይችለውም።

ባለቤቴ እናትነሽ ቭላርዲንገን በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። የቤቱ ኃላፊ የልጃችንን ሥራ ካየች በኋላ፣ «ከፋሲካችን ጀምሮ ግቢያችንን አንቺ ያዢው፤ ጥራጊውን የምታነሺበት መኪና ግን ይኑርሽ፣ ከሌለሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለቻት። ግቢው ኩሬ አለው፤ ማንም በወጉ ገርዟቸው የማያውቅ አሮጌ የፍራፍሬ ዛፎች አሉት። ሐምራዊት ዛፎቹን አይታ የመጣች ዕለት እራት ላይ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም። እኔም አፌን ሞልቼ «ትልቅ ግቢ ነው፣ ትችይዋለሽ?» አልኳት። ለማለት የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ የወጣው ግን ይህ ነው።

ሁለት በጋ ያጠራቀመችውን ይዛ ያገለገለ ፒክአፕ መፈለግ ጀመረች። ዕድሜዋ ስላልደረሰ መኪናው የሚመዘገበው በእኔ ስም ነው፤ ስለዚህ እኔን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ዴንሃግ ያየነውን ውድ ነው አልኩ። አምስተርዳም ያየነውን ርካሽ ነው፣ ያለ ምክንያት አይረክስም አልኩ። ሌላ ያየነውን ደግሞ ናፍጣ ስለሆነ መሀል ከተማ አያስገቡትም ብዬ አስቀረሁ፤ «አባዬ፣ እኔ እኮ መሀል ከተማ ጓሮ የለኝም» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ፋሲካው እየቀረበ መጣ።

አንድ ቀን ከብስክሌቷ ሳትወርድ ከደጅ ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል። ከቭላርዲንገን ወጣ ብሎ፣ ያፕ የሚባል ሽማግሌ አትክልተኛ ጉልበቱን ስላመመው ሥራ አቁሞ ፒክአፑን ሊሸጥ ነው። ሄዳ አይታዋለች፤ ሥሩ ገብታ ተኝታ ሳይቀር አይታዋለች።

«ዲት ኢስ ኧም፣ ይሄ ነው በቃ» አለችኝ። «አባዬ፣ አልስብሊፍት፣ እባክህ፣ ይሄኛውን እንዳታበላሽብኝ። ግወን፣ በቃ ዝም በል፣ ፈርም፣ እንሂድ።»

እንዳታበላሽብኝ ያለችውን እንደ አደራ ሰማሁት። ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ለመኪና እንዲህ ከተንሰፈሰፈች ሻጩ ፊቷን አይቶ ዋጋውን ይሰቅልባታል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ አቶ ወልደየስን ጠራሁ። አቶ ወልደየስ የዙይድ ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያላጋቡት፣ ያላስታረቁት የለም። ስለ መኪና የሚያውቁት ከእኔ ያነሰ ነው፣ ይህም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ያለ ሽማግሌ አይገዛም። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ከኋላ ተቀመጡ።

«ምን ልበል?» አሉኝ ከመነሣታችን።

«እርስዎ ምንም አይበሉ፤ እኔ ጉድለት ስናገር ከንፈርዎን ይምጠጡልኝ።»

«እሱን አውቅበታለሁ» አሉ።

የነዳችው ሐምራዊት ናት። ከወንዙ ሥር የሚያልፈውን የቤነሉክስን ዋሻ ስናልፍ «መብራት»፣ ስንወጣ «መስመርሽን»፣ ከአውራ ጎዳናው ስንወርድ «ቀስ» አልኳት። አቶ ወልደየስ ደግሞ በመኪና ሲሄዱ ከላይ ያለውን እጀታ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ነው። አውቶብስ ውስጥም እንደዚሁ ናቸው። ሐምራዊት በመስታወቱ አየቻቸውና «ጋሼ ወልደየስ፣ ሩስታኽ፣ ተረጋጋ» አለቻቸው። አንተ ስላለቻቸው ላርማት አፌን ስከፍት እሳቸው በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

ያፕ ቀይ ፊት ያለው፣ እጁ እንደ ሥር የተቋጠረ ረጅም ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ፒክአፑ ቆሟል። ጥቁር አረንጓዴ፣ የጃፓን ሥራ፣ የጭነት ቦታው በጣውላ የተለበጠ፣ ጣውላው ዘይት ጠጥቶ የሚያበራ። በደንብ የተያዘ በሬ ይመስላል። ልቤ ዘለለች። ስለ መኪና የማያውቅ ሰውም ቢሆን ይህ መኪና ሲወደድ የኖረ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ወዲያው ፊቴን አጠቆርኩ።

«ቀለሙ» አልኩ በደችኛ።

«ምን ሆነ?» አለ ያፕ።

«አረንጓዴ ነው።»

«አዎ» አለ ያፕ።

አቶ ወልደየስ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጎማውን መታ መታ አደረግሁ። ኮፈኑን አስከፍቼ በረጅሙ ተነፈስኩ። ያፕ መነጽሩን አድርጎ አጠገቤ አጎነበሰና ያየሁትን ነገር መፈለግ ጀመረ። እኔ ምንም ስላላየሁ እሱም ሊያገኘው አልቻለም፤ ግን መፈለጉን አልተወም። ሞተሩን አስነሣልኝ።

«ይሰማሃል?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ድምፁ።»

ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ብዙ አዳመጠ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር» አለ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ይመስለኛል» ብሎ ጨመረበት። ደስ ደስ አለኝ። ሐምራዊት የፒክአፑን በር በመዳፏ ይዛ ቆማለች። የሚፈልግ ሰው ፊቱን ማሳየት የለበትም ብዬ መንገድ ላይ ስላስጠነቀቅኋት አልተናገረችም፤ ግን እጇን አላነሣችም።

ከዚያ ግራ ስፖኪዮውን አየሁ። ይህን እንኳ ለይስሙላ አላየሁትም። «ይህ የራሱ አይደለም» አልኩ፤ «በኋላ የተገጠመ ነው።»

ያፕ ቀና ብሎ አየኝ። «እውነት ነው፤ ከግቢው በር ጋር አጋጭቼ አስቀይሬዋለሁ። ማንም አስተውሎት አያውቅም። አንተ ባለሙያ ነህ።»

በዕድሜዬ ሙሉ ባለሙያ ያለኝ ፈረንጅ እሱ ብቻ ነው። አናቴ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የምናገረውን ሁሉ ያፕ ያምን ጀመር፤ እኔም ከማቆም ይልቅ ባሰብኝ። ሻንሲው ደክሟል አልኩ፤ ሻንሲው የት እንደሚጀምር በቅጡ አላውቅም። ፍሬኑ ይጠረጠራል አልኩ። አቶ ወልደየስ ሥራቸውን እየወደዱት ስለመጡ ተናግሬ ሳልጨርስ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። በመጨረሻ የመዝጊያውን ቃል አመጣሁ። «ልጄን በዚህ ላይ አላስቀምጣትም። ይህ መኪና አንድ ቀን ይገድላታል። ይቅርብን» አልኩና ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

አቶ ወልደየስ ተከተሉኝ። ከግቢው ወጥተን በውኃው ዳር ባለው መንገድ፣ በትክክለኛው ፍጥነት፣ ወደ አውቶብስ ማቆሚያው አዘገምን። ነፋሱ ባርኔጣቸውን ሊወስደው ይታገላል።

«ጠሩን?» አሉኝ።

«ገና ነው። አይዙሩ።»

«ልጅቱስ?»

ያን ጊዜ ሐምራዊት አለመከተሏን አወቅሁ። መዞር ግን አይቻልም። ማቆሚያው ጋ ደርሰን ተቀመጥን። አውቶብስ መጥቶ በሩን ከፈተልን፤ አይ፣ እየጠበቅን ነው ብለን ሸኘነው። ሹፌሩ ምን እንደምንጠብቅ አልገባውም። አቶ ወልደየስ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሲያስቡ ቆዩና፣ «ሽባባው» አሉ፤ «የመጣንበት መኪና እኮ እሰውየው ግቢ ነው የቆመው።»

እውነት ነው። ሶማሌ ተራ ሰው ገበያ የሚመጣው በእግሩ ነው፤ ጥሎ ሲሄድም ጥሎት የሚሄደው ነገር የለውም። እኔ መኪናዬን ሻጩ ግቢ አቁሜ፣ ቁልፉን ለልጄ ትቼ፣ ተቆጥቼ በእግሬ ወጥቻለሁ። ልጄ ደግሞ ያለ እኔ መንዳት ክልክሏ ነው። ይህን ሳሰላስል ስልኬ ጠራ። «ይኸው ጠሩን» አልኩ፤ ስልኩን ሳነሣ ድምፄን ሳይቀር አኩርቼ።

«አባዬ» አለች ሐምራዊት። «ናና መኪናህን ውሰድ።»

ስንመለስ ያፕ ፒክአፑን በሸራ እየሸፈነ ነበር። ሐምራዊት እኛ መኪና ውስጥ፣ የሹፌሩ ቦታ ላይ ተቀምጣ በፊት መስታወቱ ቀጥ ብላ ታያለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያፕ መጣና እጄን ጨበጠኝ።

«አመሰግናለሁ» አለኝ። «ጆሮዬ ለምዶት ነው መሰለኝ፣ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ለልጅ አደገኛ የሆነ መኪና ለማንም አልሸጥም። አሮጌ መኪና የሚፈታታ ሰው አውቃለሁ፣ ደውዬለታለሁ፤ ነገ መጥቶ ይወስደዋል።»

ያ በሬ የመሰለ መኪና ነገ ሊበለት ነው። እያንዳንዱ ብልቱ ተነቅሎ መደርደሪያ ላይ ሊሰቀል ነው፤ ስፖኪዮውን ደግሞ እንደ እኔ ያለ አንድ ወሬኛ ይሸጠዋል። ወደ አቶ ወልደየስ ዞርኩ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያፕን ለማስረዳት ሞከርኩ። በአገራችን ሰው የፈለገውን ዕቃ ያጣጥላል፣ ይሄዳል፣ ሻጩ ይጠራዋል አልኩት።

«ኦንደርሀንደለን ነው?» አለ፤ የዋጋ ድርድር ማለቱ ነው። «ታዲያ ስለ ዋጋ ምንም አላልክም። ስለ ሻንሲው ነው ያወራኸው። ሻንሲው ደክሟል ወይስ አልደከመም?»

«አልደከመም።»

«ታዲያ ዋሽተሃል።»

«አልዋሸሁም፤ እያጣጣልኩ ነበር።» ይህ ልዩነት በደችኛ ሲነገር ልዩነት አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሸራውን ራሴ ገለጥኩና ከአረንጓዴው ጀመርኩ። አረንጓዴ ለአትክልተኛ ከዚህ የተሻለ ቀለም የለም አልኩ። ጎማው ጠንካራ ነው፤ ድምፁ የጤነኛ ድምፅ ነው፤ ፍሬኑ የታመነ ነው። ለማጣጣል ደችኛዬ በቂ ነበር፤ ለማመስገን ግን ቃል አጠረኝና ሆስፒታል የለመድኩትን ሁሉ ተጠቀምኩ። «ልቡ በደንብ ይመታል፣ ሳንባው ንጹሕ ነው» አልኩ ሞተሩን እየነካሁ። የያፕ ከንፈር ሊስቅ ፈልጎ ተመለሰ።

«አሁን ደግሞ ልትገዛው ስለፈለግህ ነው ይህን የምትለው» አለ። «የቱን ልመን?»

ሻጭ አልሸጥም ብሎ ገዢ ዕቃውን እያሞገሰ ሲለምን ሶማሌ ተራ ቢያይ አጎቴ ሱቁን ይዘጋ ነበር። ሐምራዊት ከመኪናችን ወርዳ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ያፕ እሷን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«መኪናውን ተወው» አለ። «ይገድላታል ብለሃል። ከአፍህ የወጣው ይህ ነው፣ እኔንም ያስፈራኝ ይህ ነው። አጠገቧ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ትነዳለች?»

ቀላል ጥያቄ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አፌ ግን የለመደውን ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር። «ትሞክራለች» ልል ነበር። ሐምራዊት የግቢውን ጠጠር እያየች ነው። ልጄን ለማላውቀው ሰው፣ በራሷ ፊት፣ ማሞገስ ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልብስህን አውልቅ የተባልኩ መሰለኝ። ያፕም አላገዘኝም፤ ይጠብቃል፤ ደቾች ሲጠብቁ መጨረሻ የላቸውም።

«ከእኔ ትሻላለች» አልኩ።

«ከአንተ መሻል ብዙ ነው?» አለ ያፕ።

«ብዙ አይደለም» አልኩ፤ ይህንንም እውነት ነበር የተናገርኩት። «ግን ስማኝ። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ጠዋት ስወጣ እናቷን ይዛ መጥታ ከሆስፒታሉ በር ትወስደኛለች።» እዚህ ላይ እናቷም የተመዘገበች ቤገላይደር መሆኗን ጣል አደረግሁ፤ ያፕ ሕግ አክባሪ ነው። «እናቷ ወርዳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ እኔ እገባለሁ። መንገዱ በመኪና ተሞልቶ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ብስክሌተኛው በግራ በቀኝ እየተሹለከለከ፣ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። የምነቃው ቤታችን በር ላይ ነው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ ተኝቼ አላውቅም፤ ወንድሜ ሲነዳ ተኝቼ አላውቅም። እሷ ስትነዳ ግን እተኛለሁ። ብስክሌተኛውን ከእኔ በፊት ታየዋለች። የተናደደ ሰው ክላክስ ሲያደርግባት አትቸኩልም። ልጄ በጣም ጥሩ ነው የምትነዳው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተናግሬ፣ አፍሬ ጎማውን በጫማዬ መታ መታ አደረግሁ።

«ቤገላይደር መተኛት አይፈቀድለትም» አለ ያፕ።

«አውቃለሁ።»

«ይህን እውነት ነው ብዬ አምናለሁ» አለ፤ «በራስህ ላይ ስለተናገርክ።» ስልኩን አወጣና የሚፈታታውን ሰው ነገ አትምጣ አለው። ከዚያ ወደ ሐምራዊት ሄዶ ቁልፉን ሰጣትና፣ ጣውላውን በዓመት አንዴ ዘይት አጠጪው፣ በዝናብ ቀን አታጠጪው እያለ ከእሷ ጋር ብቻ ያወራ ጀመር። እኔና አቶ ወልደየስ እንደ ሠርግ ዕቃ ቆመን ቀረን። አቶ ወልደየስ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ትንሽ ቀንስልን አይባልም?» ሲሉኝ በክርኔ ነካኋቸው። ያፕ ግን በገዛ ፈቃዱ የስፖኪዮውን ዋጋ ቀነሰልን። «እሱ እውነት ነው፤ የራሱ አይደለም» አለ።

የስም ዝውውሩና ኢንሹራንሱ እስኪያልቅ ፒክአፑ እስከ ቅዳሜ እዚያው እንዲቆይ ተውነው፤ እኛ በራሳችን መኪና ተመለስን። ሐምራዊት ትነዳለች። ለእናትነሽ ስልክ ደውዬ ተገዛ አልኳት፤ ስንት አስቀነስክ ስትለኝ መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት። ዋሻውን ስናልፍ «መብራት» አላልኳትም። ልጄ አሁንም ተቀይማኛለች ብዬ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር። ዙይድ ገብተን ቀይ መብራት ያዘን።

«አባዬ» አለች፤ ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል። «እኔ ላይም ኦንደርሀንደለን ነበር እንዴ?»

«ምኑ?»

«ዘገየሽ፣ ቸኮልሽ። ትችይዋለሽ ወይ የምትለኝ። ሁልጊዜ። እንደ ያፕ መኪና እያጣጣልከኝ ነበር?»

ልክድ አሰብኩ። ግን በዚያ ቀን አንዴ የከፈትኩት አፍ አልዘጋ አለኝ። «ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

«ከማን ጋር ነው የምትደራደረው? እኔን የሚሸጥ የለ።»

እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ሰው ልጅሽ አደገ ሲላት «ምኑ ያድጋል፣ ከሲታ ነው» ትልና ከመንገድ እስክንርቅ እጄን አጥብቃ ትይዝ ነበር። «ከእግዜር ጋር መሰለኝ» አልኳት። «ምን ያህል እንደምወድሽ ካወቀ ዋጋሽን ያስወድድብኛል ብዬ ፈርቼ።»

ሐምራዊት በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። ከኋላ የሚሰማ ድምፅ ነበርና ዞሬ አየሁ፤ አቶ ወልደየስ እጀታውን ለቀው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ።

መብራቱ ተለወጠ። ቀስ ብላ ተነሣች። እግሬን ከተበሳው ምንጣፍ ላይ ሰበሰብኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አባዬ፣ ቤገላይደር አይተኛም» አለች።

«አልተኛሁም» አልኳት። «እያመሰገንኩሽ ነው።»